ቁልቁለት የፈራችው ላም

ማክሰኞ፣ ሱሉልታ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተነሳሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ጉዞዬ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ የወተት ላሞችን ልብ በትንሽ አልትራሳውንድ ለመመርመር ነው። ላሞች ከመኖ ጋር የሚውጡት ሚስማርና ሽቦ ሆዳቸውን በስቶ ልባቸውን ይወጋል። በተለመደው ምርመራ ደረታቸውን ከሥር በአጣና ገፍተን ማቃሰታቸውን እናዳምጣለን። የጥናታችን ጥያቄ ያለዚያ ሥቃይ በሽታውን መለየት ይቻል እንደሆነ ነው።

እኔ ደግሞ የራሴ ጣጣ አለብኝ። አምና አንዲትን ላም «ልቧ ተወግቷል» ብዬ አሳረድኳት፤ ልቧ ሲከፈት ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ላም በነካሁ ቁጥር የሚደልቀው የኔ ልብ ነው።

ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ላሞቹ እንዳይደነግጡ ደረታቸው ላይ የምቀባውን የምርመራ ጄል ብብቴ ውስጥ ሳሞቅ ያየች አንዲት አላቢ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። የመረመርኳቸው ሰባቱም ላሞች ጤነኞች ነበሩ፤ እኔም ትንሽ ተነፈስኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡራዩ

በአስኮ በኩል ገባሁ። ከአስፋልቱ ወደ ላይ ባጃጅ ወሰደኝ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ግራና ቀኙ ያላለቀ ቤትና የአሸዋ ክምር። ኦቦ ለሚ የሚባሉ ሁለት ላሞች ያሏቸው አዛውንት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አካም ጂርቱ» ብለን በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጠን ወደ ጓሮ ዞርን።

«ዳለቻ ቁልቁለት ፈርታ አታውቅም» አሉኝ ወደ አንደኛዋ ላም እያመለከቱ። «ሰሞኑን ወደ ወንዙ አልወርድ አለች። ስትወርድ ታቃስታለች።»

የአንገቷ ደም ሥር ትንሽ አበጥ ያለ መሰለኝ። መሣሪያውን ደረቷ ላይ ሳደርግ በልቧ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ነገር አየሁ። ፈሳሽ ይሁን ጥላ መለየት አቃተኝ። ደጋግሜ አየሁ።

«ላርዳት ወይስ ልጠብቅ?» አሉ ኦቦ ለሚ።

«ሁለት ቀን ይጠብቁኝ፤ ከሰበታ ስመለስ ደግሜ አያታለሁ» አልኳቸው። የሕመም ማስታገሻ ወግቻት ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሰበታ

ከአየር ጤና እስከ ሰበታ መንገዱን የጭነት መኪና ዘግቶት ነበር። አንዲት ትንሽ ቤት ፉል አዘዝኩና ግማሹን ተውኩት። በአንድ ትልቅ እርባታ ውስጥ ስሠራ ዋልኩ፤ ልቤ ግን ቡራዩ ነው። የአንዷን ላም ቁጥር ሁለት ጊዜ መዝግቤ የእርባታው ባለቤት አረሙኝ።

ምሳ ላይ ለኦቦ ለሚ ደውዬ ዳለቻ እንዴት ናት ብላቸው «አለች» አሉኝ። ድምፃቸው ደስ አላለኝም። ያኔውኑ መመለስ እችል ነበር። የቀሩትን ላሞች ልጨርስ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ።

ሐሙስ፣ እንደገና ቡራዩ

ዳለቻ ተኝታለች። ከመንጋጋዋ ሥር እስከ ደረቷ አብጣለች፤ የአንገቷ ደም ሥር ገመድ አክሏል። ኦቦ ለሚ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት እንዳደረች ነገሩኝ። መሣሪያውን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

«ከዚህ በላይ ማቆየት ማሰቃየት ነው» አልኳቸው።

አራጅ ተጠራ። ሥጋዋ የሚበላ አልነበረም። የልቧ ሽፋን ሲከፈት መግል ፈሰሰ፤ ውስጡ ጣት የምታህል የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ተሰክታለች። ሽቦዋን እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ።

ኦቦ ለሚ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «አይዞሽ ልጄ፤ ማረዱን የፈራሽው ለእኛ ብለሽ ነው።»

አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ውሸት ነበር።

ቤቴ

አመሻሽ ላይ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልቁለት መፍራትና ማቃሰት የዚሁ በሽታ ምልክት ነው፤ ኦቦ ለሚ ማክሰኞ ዕለት በራሳቸው አፍ ነግረውኛል፤ እሳቸውን ትቼ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ። ሁለቱ ቀናት ለዳለቻ ሥቃይ ነበሩ። ለእኔ ግን ዳግም ላለመሳሳት የተገዛ ጊዜ ነበር። ጥንቃቄና ፍርሃት ከውጭ ሲታዩ አንድ እንደሚመስሉ ከዚህ ጉዞ ተማርኩ።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩ።

«ኦቦ፣ የፈራሁት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም። ለራሴ ነው።»

 

«አውቄያለሁ» አሉ። «ሁለተኛዋ ላሜም ከዚያው መኖ በልታለች። ነገ በጠዋት ነይና እያት።»