በእኛ ዘጠኝ ሰዓት

ልጄ የላከችልኝ መልእክት አጭር ነበር፤ «አባዬ፣ እሁድ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ። የወሰንኩትን ያኔ እነግርሃለሁ።»

የምትሠራው ዱባይ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። ውሏ ሊያልቅ ነው፤ ወይ ታድሳለች፣ ወይ ሐዋሳ ትመለሳለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ። ተመለሺ ብዬያት አላውቅም። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ተጠያቂን ወደምፈልገው መልስ አልገፋም። ክፍሏን ግን ቀለም አስቀብቼው ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ላፕቶፔን ከፍቼ እስክትደውል የቀረውን ጊዜ የሚያሳይ ሰዓት ቆጣሪ መሥራት ጀመርኩ። ይህን ሥራ የለመድኩት በዝግጅት ክፍላችን ነው። ድረ ገጻችንን የሚንከባከበው ባለሙያ ሲለቅ፣ ተተኪ እስኪገኝ ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፤ ተተኪው እስካሁን አልተገኘም። አንባቢ ለበዓል ወይም ለፈተና ስንት ቀን እንደቀረው ማየት ይወዳል። ስለዚህ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ብቻዬን ተማርኩ።

የመጀመሪያው ቆጣሪዬ በየሰከንዱ ከቀሪው ጊዜ ላይ አንድ ይቀንስ ነበር። ትክክል ይመስላል። ግን ሌላ ገጽ ከፍቼ ስቆይ፣ ብራውዘሩ ከጀርባ የተተወውን ገጽ ያዘገየዋል፤ ስመለስ ቆጣሪዬ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘዋለሁ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ኮዱ የራሱን ቆጠራ ማመን የለበትም፤ በየሰከንዱ የኮምፒውተሩን ሰዓት እንደ አዲስ ጠይቆ እስከ ቀጠሮው ያለውን ልዩነት ማስላት አለበት። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔም ለጀማሪ ሪፖርተሮች የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ትዝ ይለኛል አትበል፣ ደውለህ ጠይቅ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሲባል የሚገባው የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ላይ ስድስት ደምሬ አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ፤ ደግሜ አረጋገጥኩ። ከቁጥሩ በላይ «ልጄ ልትደውል» የሚል ጽሑፍ አስቀመጥኩ። ገጹን የትም አልጫንኩትም፤ ከእኔ በቀር የሚያየው አልነበረም።

እሁድ ከቸርች ስወጣ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ሁልጊዜ ዓሣ የምታጸዳልኝ ሴትዮ ቢላዋዋን ይዛ ታየኛለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምነው ሰዓት ሰዓት ያያሉ? ሙሽራ ሊቀበሉ ነው እንዴ?»

«ልጄ ልትደውል ነው።»

«ታዲያ በስልክ ነው የሚያጎርሷት? ሁለት ዓሣ ምን ያደርግልዎታል?»

አጠገቧ ያሉት ሳቁ። በሲዳምኛ አንድ ነገር ጨመረችና ይብሱን ሳቁ። ምን እንዳለች አልጠየቅኩም። ሁለቱንም ዓሣ ይዤ ተመለስኩና ጠበስኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬን ከላፕቶፑ አጠገብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ወረደ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ። ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ ከቁጥሩ ፊት ትንሽ ሰረዝ መጣች፤ ከዜሮ በታች አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ። ዜሮ ላይ ቁም የሚለውን መስመር ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ለአንባቢ በሠራኋቸው ሁሉ ዜሮ ሲደርስ «ቀኑ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የራሴ ላይ ከዜሮ በኋላ ስላለው ነገር አላሰብኩም ነበር።

ላስተካክለው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። ኔትወርኩን አየሁ፤ ይሠራል። መልእክት ላክሁ፤ አልደረሳትም። ሥራ ላይ ስትሆን ስልኳን ቆልፋ እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። የማውቀው ይህን ነው፣ ሌላው ግምት ነው አልኩ ለራሴ። ዓሣው ቀዘቀዘ። ውጭ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ የምጠብቀው ስልክ መሆኑን እያወቅሁ። ሲጨልም መብራት አላበራሁም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ! አየህ፣ አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም።»

«አምስት ሰዓት አሳልፈሻል።»

«እንዴ! ዘጠኝ አላልኩህም? ይኸው ዘጠኝ ነው።»

«የትኛው ዘጠኝ?»

«የማታው ነዋ! በእኛ ብዬሃለሁ እኮ።»

«እኔ በሀበሻ መስሎኝ።»

«ውይ አባዬ! በእኛ ማለቴ እዚህ፣ በዱባይ። ከቀን ጀምሮ ተቀምጠህ ነው? በልተሃል?»

«በልቻለሁ» አልኩ። አልበላሁም ነበር።

ስድስቱን ሰዓት ደምሬያለሁ፣ ኮዱን ፈትሻለሁ፤ ሳልጠይቅ ያለፍኩት አንዲት ቃል ነው። አንድ ባለሥልጣን «እኛ» ቢለኝ፣ እናንተ ማናችሁ ብዬ ነበር የምጀምረው።

«ያልኩህን ነገር…» ስትል ድምጿ ቀነሰ።

«አድሰሽዋል።»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺው።»

ዱባይን «እኛ» ማለቷ እንደነገረኝ አልገባትም፤ እኔም አላብራራሁም። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ አባዬ። ክፍሌን እንዳታከራይብኝ ደግሞ።»

«ቀለም አስቀብቼዋለሁ።»

«ምን ቀለም?»

«ነጭ።»

«ነጭማ ቶሎ ይቆሽሻል!»

የሚያቆሽሸው የለም ልል ነበር። «አጥበዋለሁ» አልኩ።

«በል፣ የሚመጣውም እሁድ በዚሁ ሰዓት።»

«በማን?»

«በእኛ» አለችና ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ስልኩ ሲዘጋ ቁጥሩ አሁንም ከዜሮ በታች እየወረደ ነበር። ኮዱን ከፍቼ፣ ዜሮ ላይ ቁም የሚለውን መስመር ጨመርኩ። ቀጥሎ ቀጠሮውን ወደሚመጣው እሁድ ማታ አዛወርኩና ሰዓቱን በዱባይ አቆጣጠር ጻፍኩት። «ልጄ ልትደውል» የሚለውን እንዳለ ተውኩት። ከዚያ መብራቱን አብርቼ ዓሣውን አሞቅሁ፤ አንዱን በላሁ።