ጽጌን የመሰለችው ተዋናይ

ዉድበሪ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ከምሳ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይከፈታል። እኔ ቆሜ አላይም፤ ቁጭ ማለት አልፈጠረብኝም፣ በዚህ አገር ከኤርፖርት ሥራ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ፋብሪካ ስል የኖርኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። በ2010 የካቲት፣ ውጭው በረዶ ብቻ በሆነበት አንድ ቀን ግን የፈንዲሻ ሳህን ይዤ ሳልፍ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ኩባያ ይዛ ደረጃ ስትወጣ አየሁና ባለሁበት ቆምኩ። ኩባያውን አወቅሁት። ሴትየዋንማ እንዴት አላውቃት፣ የአባቴ ታናሽ እህት የጽጌ ፊት ነው።

ድሬዳዋ፣ እኛ ሰፈር፣ ጽጌ ተዋናይዋን ትመስላለች የሚል አልነበረም፤ ተዋናይዋ ናት ጽጌን የምትመስለው። ያው አፍንጫ፣ ያው ወደ ግራ የሚያጋድል ፈገግታ። ፊልሞቹ በባቡር ይመጡና፣ ጣሪያ በሌለው ሲኒማችን፣ ቀን የጋለው ግድግዳ ጀርባችንን እያሞቀው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ እየፈለፈልን እናያቸዋለን። እንግሊዝኛ የሚሰማ ስላልነበረ ታሪኩን ሁሉም እንደመሰለው ይፈታዋል፤ ተዋናይዋ የሆነችውን ደግሞ አክስቴ ትሆናለች። ንግሥት በሆነች ሰሞን ሥጋ ሻጩ ለጽጌ ሳትጠይቀው ሽንጥ ይመርጥላት ነበር። መነኩሲት ስትሆን ጎረቤቱ ሁሉ ጸልዪልን አላት። የቡና ቤት ዘፋኝ ስትሆን ግን አባቴ በጊዜ ግቢ እያለ ቁም ስቅሏን አሳያት። መጀመሪያ ጽጌ ራሷ ከሁላችንም በላይ ትስቅ ነበር፤ እየቆየ ግን ሲኒማው በር ላይ አዲስ ሥዕል በተለጠፈ ቁጥር፣ “አቦ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አድርጋኝ ይሆን?” ማለት አመጣች።

ያኔ ባቡር ጣቢያ የሚሠራው ተስፋዬ ሊያገባት ፈልጎ ሽማግሌ የሚልክበት እሑድ ተቆርጦ ነበር። ትወደው ነበር፤ ስሙ ሲነሳ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። በዚያው ሳምንት የተስፋዬ እናት ወይዘሮ በላይነሽ ሲኒማ ገቡ። ፊልሙ ላይ ተዋናይዋ ከአንድ መልከ መልካም ሰው ትንሽ ጠርሙስ ተቀበለች፣ ባሏ ሳያይ ኩባያው ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገችና ደረጃውን ወጥታ አጠጣችው፤ ሰውየውም ሞተ። ሲኒማው በአንድ አፍ “ከውሽማዋ ጋር መክራ ገደለችው!” አለ።

እሑድ ቡናው ተወቅጦ፣ ወንበር ከጎረቤት ተለምኖ ሲጠበቅ ሽማግሌዎቹ ቀሩ። ወይዘሮ በላይነሽ፣ “ልጄ ከእሷ እጅ ውሃ በጠጣ ቁጥር እኔን እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?” አሉ ተባለ። ሰፈሩ ሳቀ። ጽጌ ግን መቀመጥ አቃታት፤ ከጓዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ በር ስትል ትውላለች፣ ባቡር በገባ ቁጥር ተዋናይዋ ደግ ሚስት ሆና የመጣችበት ፊልም ይኖር እንደሆነ ጣቢያ ሄዳ ትጠይቃለች። ፊልሙ ሳይመጣ ተስፋዬ ሌላ አገባ። ጽጌም በዚያው ባቡር ተሳፍራ ሄደች። ጅቡቲ ናት ተባለ፣ ከዚያ ወሬዋም ጠፋ።

የዉድበሪው ቴሌቪዥን ለጆሮ ደካሞቹ ሲባል ግርጌው ላይ ጽሑፍ ይሮጥበታል። ፈንዲሻውን ይዤ አነበብኩ። መልከ መልካሙ ሰው ሐኪም ነው። በሽተኛው ባሏ መድኃኒት አልወስድም ብሎ አስቸግሯል፣ እሷም እንዳይሞትባት በሻይ ደብቃ ታጠጣዋለች። የገደለው በሽታው ነው። እኔስ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ምንድን ነው፤ መራራ እንክብል ፈጭቼ በጣፋጭ አድርጌ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው እያልኩ አይደል የማጎርሰው?

“መድኃኒት ነው እኮ!” ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። ሆፕኪንስ የምትኖረው የሥራ ጓደኛዬ ሂሩት ካፖርቷን ለብሳ መጣች፦ “ምን ሆነሽ ነው? የሥራ ሺፍታችን አልቋል፤ በይ መውጫ ሰዓትሽን ፓንች አውት አድርጊና እንሂድ፣ ትራፊኩ ሳይጀምር።”

መኪና ውስጥ ከጽጌ መጥፋት በቀር ሁሉንም ነገርኳት። ወይዘሮ በላይነሽ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ሲኒማውም ፈርሷል፣ ፊልሙን በዚያ ሌሊት ያዩት ሁሉ በየፊናቸው ተበትነዋል። ሂሩት ድራይቭ እያደረገች ከት ብላ ሳቀች።

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?” አለችኝ። “አሁኑኑ ለአክስትሽ ደውለሽ ንገሪያታ!”

የጽጌ ቁጥር የሌለበትን ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁና፣ ቤቴ በር ላይ እስክታወርደኝ ድረስ እንደያዝኩት ቀረሁ።