የኮረሪማ ቋጠሮ

ቂመኛ ነኝ። እሁድ እሁድ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ከጉባኤው ሁሉ ቀድሜ አሜን እላለሁ፤ ቅዳሜ ግን ሌላ ሥራ አለኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ለመናገር ከመጽሐፉ መጀመር አለብኝ።

መጽሐፉ ከተማችን ሚዛን የደረሰው በካርቶን ታሽጎ በአውቶቡስ ነው። ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ፣ ከቡና ማሳዎቹ በላይ ስላለው ገደላችን የተጻፈ መመሪያ ነው። ድንጋይ ለመውጣት የሚመጣ እንግዳ በየት በየት በኩል መውጣት እንደሚችል፣ የቱ እንደሚከብድ፣ የቱን ማን ቀድሞ እንደወጣው ከነሥዕሉ ያሳያል። ካርቶኑን የከፈትነው ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ጓደኛዬ ባጃጅ ጠጋኝ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ከፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ መስታወት ሲያጥብ ኖሮ፣ ሲመለስ ገመድና ቀበቶ ይዞ መጣ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህርት ነኝ፤ ከእሱ ጋር መውጣት ስጀምር እጄ እንዳያልበኝ የትምህርት ቤት ጠመኔ ፈጭቼ እቀባ ነበር፣ ጭራሽ ያንሸራትተኛል። ሦስተኛችን ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ገደሉን ያሳዩን እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው የዱር ማር ሊቆርጡ በሐረግ ይወርዱበት ነበር።

ከእሳቸው የወረስነው አንድ ሥርዓት አለ። ማር ቆራጭ ገደል ላይ ንብ የገባበት ቀዳዳ ካየ ከሥሩ ቅጠል ቋጥሮ ያስራል። ያን ያየ ሌላ ሰው አይነካውም። ማሩ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ቋጠሮውን አይፈታም፤ መሃሉን በቢላ ቆርጦ እዚያው ይተወዋል። ሙሉ ቋጠሮ «የእኔ ነው፣ ገና ነኝ» ማለት ነው፤ የተቆረጠ ደግሞ «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ቅጠሉ ደርቆ ከረገፈ መብቱም አብሮ ይቀራል። እኛም አዲስ መንገድ የምንሞክር ጊዜ እንዲሁ እናስራለን። ጓደኛዬ በቃጫ፣ እኔ በኮረሪማ ቅጠል። ኮረሪማው ጓሯችን ስለሚበቅል ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ገደሉ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አለ። እዚያ ሥር ኮረሪማዬን አስሬ አሥራ አንድ ቅዳሜ ሞከርኩ። ከግማሹ እየወደቅኩ፣ ክንዴ እየተላጠ፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር ማን መታሽ?» እያሉ። በአሥራ ሁለተኛው ወጣሁት። ወርጄ ቋጠሮውን በጓደኛዬ ቢላ ቆረጥኩት። በሕይወቴ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ሲኖረኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጸሐፊው የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ጥሩ ዕቃ ያለው፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው። ከዚያ በፊት በነበረውም በጋ መጥቶ ነበር። ጓደኛዬ ቤት ያድር ነበር፣ እናቴ ጎደሬ በጎመን ታበላው ነበር። ስንጥቁን መውጣቴን ነገርኩት። «ጎበዝ» አለኝ። በማግስቱ እኔ ከታች ገመድ ይዤለት እሱም ወጣው። ከመውጣቱ በፊትም ከወረደ በኋላም ካሜራውን አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ አነሳ፤ እኔንም ገመድ እንደያዝኩ።

እና ጋራዡ ውስጥ ገጹን ስገልጥ እንዲህ ይላል፦ «ስንጥቁ። የገደሉ ምርጥ መንገድ። መጀመሪያ የወጣው፦ ጸሐፊው።» ከጎኑ ፎቶ አለ፣ ገመድ የያዙ ሁለት እጆች። ፊቴ ተቆርጦ ወጥቷል። ከሥሩ «አንዲት የአካባቢው ልጅ ስታግዝ» ተብሎ ተጽፏል።

ጓደኛዬ ሌላ ገጽ ላይ ነበር። «ሥዕሉ አይከፋም» አለ። «የእግር መንገዱን ግን ተሳስቷል። በዚህ ከሄዱ የሰው ቡና ውስጥ ነው የሚገቡት፤ ውሻው አይለቃቸውም።»

«አይልቀቃቸው» አልኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ መጽሐፉን አቀበልኩት። አንብቦ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ሲናደድ እንዲያ ያደርጋል።

አባባ ማንበብ አይችሉም። ፎቶውን ግን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ የእጆቹን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሌላ ፎቶ። ጸሐፊው ለውበት ብሎ ከስንጥቁ ሥር የነበረውን ቋጠሮ አንስቶታል። «ጸሐፊው ከመውጣቱ በፊት የተነሳ» ይላል ጽሑፉ። ጓደኛዬ ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

አባባ መሳቅ ጀመሩ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ተቆርጧል» አሉ።

ሰውዬው ሌብነቱን ራሱ ፎቶ አንስቶ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ወደ ከተማችን በካርቶን ልኮልናል። ቋጠሮ «አትንኩ» ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ መግቢያው ላይ ዘጠነኛው ገጽ ጽፎታል፦ «ከገደሉ ሥር የታሰረ ቅጠል ካዩ መንገዱን አይንኩ፤ ይህን ማክበር የጨዋ ሰው ግዴታ ነው።» መቆረጡ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንንም አልጠየቀም።

የመጽሐፉ ምረቃ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ አብረውት የመጡ እንግዶች፣ የከተማው ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ከኋላ ደግሞ አባባ የጠሯቸው ማር ቆራጮች ተቀምጠዋል። ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። በጋ በሙሉ አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን እርስዎ አልኩት።

«የቋጠሮውን ሥርዓት ቢያብራሩልን?»

ደስ ብሎት አብራራ። ስለ አካባቢው ጥበብ ተናገረ፣ ፎቶውንም ግድግዳው ላይ አሳየ። በፕሮጀክተሩ ብርሃን ቋጠሮዬ የበር ያህል ሆነ። ፎቶው እዚያው እንዳለ አባባ ተነሱና ከኋላ ያሉትን ማር ቆራጮች በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቋቸው። ሁሉም በአንድ አፍ መለሱ። አባባ ወደ አማርኛ መለሱት፦ «ይሄ ቋጠሮ ምን ይላል ብዬ ነው የጠየቅኋቸው። ባለቤቱ ጨርሷል ይላል አሉኝ። ኮረሪማ የምታስረው ደግሞ እቺ ናት።»

መጀመሪያ ከኋላ ሳቁ፣ ከዚያ አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ስህተት ነው፣ በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል» አለ። ሰዎች መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ሊበቃኝ ይገባ ነበር። አልበቃኝም። ሌብነቱን ስህተት ነው ያለበት አፉ እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ እንግዶቹን ይዞ ጣሪያውን ሊወጣ እንደሆነ አውቅ ነበር። ጣሪያው የምንለው ከስንጥቁ በስተቀኝ፣ ገደሉ እንደ ቤት ክዳን ወደ ፊት የወጣበት ቦታ ነው። ማንም አልወጣውም። ጸሐፊው ሁለት በጋ ሲመኘው የኖረ፣ መጽሐፉም ላይ «የወደፊቱ መንገድ» ያለው ነው። ጎህ ሲቀድ ከጓሯችን ሦስት ቅጠል ቆርጬ በመጀመሪያው ባጃጅ ሄድኩ። ከጣሪያው ሥር አስሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ ከነእንግዶቹ ደረሰ። ቋጠሮውን አየ፣ እኔን አየ።

«ልትወጪው ነው?» አለኝ።

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘጠነኛውን ገጽ አነበብኩለት። ቀስ ብዬ፣ ለተማሪ የቃል ጽሕፈት እንደማነብ። «የጨዋ ሰው ግዴታ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ከእንግዶቹ አንዷ አንገቷን ደፋች። እሱ ገመዱን ወደ ቦርሳው መለሰ። ሲሄድ ጀርባውን እያየሁ የተሰማኝ ደስታ ልክ አልነበረውም። አላፍርበትም።

ጣሪያውን ልወጣው አልነበረም። አንዴ እንኳን አልሞከርኩትም፤ ትከሻዬም አይችለውም። ነገር ግን ቅጠል በየሁለት ሳምንቱ ይደርቃል፣ ቢረግፍ እሱ ይመጣል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትኩስ ኮረሪማ ይዤ እሄዳለሁ። ክረምቱን በሙሉ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ባጃጅ እምቢ ሲል በእግሬ ሄጃለሁ።

አዲሱ እትም ባለፈው በጋ መጣ። ስንጥቁ ላይ የእኔ ስም አለ፣ ፊቴም አለ። ጓደኛዬ ጋራዥ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አባባም ጣታቸውን ስሜ ላይ አድርገው «ይሄ ነው?» አሉኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ፣ ቅዳሜ ነበርና፣ ቅጠል ልቀይር ተነሳሁ።

ጓደኛዬ አብሮኝ መጣ። ገደሉ ሥር ስንደርስ ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው አየ። ያን ጊዜ ነው የመውጫ ጫማውን ይዞ እንደመጣ ያየሁት። ጣሪያውን መውጣት የሚችል ሰው እኛ ዘንድ ካለ እሱ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። መጽሐፉ ከመምጣቱ በፊት ገና ሲያየው እጁን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ እንዴት እንደሚያዝ ሲያስብ አይቼዋለሁ።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ተስተካክሏል» አለኝ። «አሁን ማንን ነው የምትከለክይው?»

የድሮው ቅጠል ደርቆ በአንድ ጅማቱ ተንጠልጥሏል። ብተወው እስከ ማታ ይረግፍ ነበር። አባባ አንድ ጊዜ፣ ሊወጣ ሳያስብ የሚያስር ሰው ምን እንደሚባል ነግረውኛል፤ ሌባ ነው የሚባለው። ይህም ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ የጸሐፊው ድምፅ «ስህተት ነው» ሲል ሰማሁ።

«ገና ነኝ» አልኩት።

ጓደኛዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እኔ አዲሱን ኮረሪማ አሰርኩ፤ እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ አጠበቅኩት።