ጆሮ ለኤ፣ አፍንጫ ለቢ

በሶዶ መናኸሪያ የቤሌን መስመር ትኬት የምትቆርጠው ዓመለወርቅ፣ ስሟን ያወጡላት ሰዎች ምን አይተው እንዳወጡላት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዓመሏ ወርቅም ብርም አይደለም። ተጠያፊ ናት። ጥርሱን እየጎረጎረ የሚያናግራትን ሰው ትጠየፋለች። ሸንኮራ አላምጦ መስኮቷ ሥር የሚተፋውን ትጠየፋለች። ከሁሉ አብልጣ የምትጠየፈው ግን ሰልፉን በጎን አልፎ፣ ክንዱን በመስኮቷ አስገብቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ «እህቴ፣ ቸኩዬ ነው» የሚላትን ሰው ነው።

«ከቸኮልክ ማልደህ አትነሳም ነበር?» ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ የፈለገው ባለሥልጣን ይሁን፣ የፈለገው የሰፈር ሰው ይሁን፣ ከሰልፉ ጅራት ካልጀመረ ከእሷ እጅ ትኬት አይወጣም።

ባሏንም የፈታችው በዚሁ ዓመሏ ነው። ተሻገር ይባላል፤ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ትርፍ ሰው ይጭናል፤ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ደግሞ መተላለፊያው ላይ የቆሙትን «ጎንበስ፣ ጎንበስ በሉ!» ይላል። አንድ ቀን እሷም ተሳፍራ ሳለች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በዚህ ትእዛዝ ወለሉ ላይ ስትንበረከክ አየች። ቤት እንደገባች ልብሷን ሸከፈች። ሽማግሌ ሲላክባት «እሱ ሰው ጎንበስ እያሰኘ እኔ አጠገቡ ቀና ብዬ ልቀመጥ?» አለች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ልጅ አልወለደችም። የወንድሟን የቦልቴን ልጅ ሩታን ግን ገና ትምህርት ሳትጀምር ከጉኑኖ አምጥታ አሳደገቻት። ሩታ በወላይትኛ «አዬ» ትላታለች፤ እናቴ እንደማለት ነው። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከክፍሏም አንደኛ ናት። ዘንድሮ በሰኔ የክልሉን ፈተና ትወስዳለች። ዓመለወርቅ ለዚህች ልጅ የምትመኘው ብዙ አልነበረም፤ ቢያንስ እሷ ብዙ አይደለም ብላ ታስባለች። ልጅቷ ፈተናዋን በራሷ ጭንቅላት ሠርታ እንድታልፍ ብቻ ነበር የምትፈልገው። በማንም ሳትንጠለጠል፣ ማንም ሳይንጠለጠልባት።

ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ፣ የመጨረሻው የቤሌ አውቶብስ እንደወጣ መስኮቷን ቆልፋ ወደ ቤት ትሮጣለች። ለራት የሚሆን ቦዬ እየላጠች የጥያቄ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና ትጠይቃለች። ራሷ መልሱን ታውቀው አታውቀው ሌላ ነገር ነው፤ መልሱ ከኋላ ገጽ አለላታ። ሩታ ፊት ለፊቷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትመልሳለች።

«ከእነዚህ ውስጥ አጥቢ እንስሳ የሆነው የትኛው ነው?»

«የሌሊት ወፍ» ትላለች ሩታ፤ አፍንጫዋንም ታክካለች።

«ሁለት ሦስተኛ ከምን ጋር እኩል ነው?»

«ከአራት ስድስተኛ» ትላለች፤ ማጅራቷን ታክካለች። ከዚያ ጆሮዋን። ከዚያ ደግሞ አገጯን።

ዓመለወርቅ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ቅማል! ሰውነቷ ተኮማተረ። ያን ቀን ጥናቱ ቀረ። የሩታ ጸጉር በነጭ ጋዝ ታሸ፤ አንሶላው፣ ዩኒፎርሙ፣ የትራሱ ልብስ ሳይቀር በትልቁ ድስት ተቀቀለ። ልጅቷ «አዬ፣ ምንም የለብኝም እኮ» እያለች አለቀሰች፤ የሚሰማት አልነበረም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ በጋዙ ሽታ የተነሳ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ማበጠሪያው ላይ ግን አንዲት ቅጫም እንኳ አልተገኘችም።

ማታ ጥናቱ ሲቀጥል ማከኩም ቀጠለ። ይሄኔ ዓመለወርቅ ልብ ብላ ማየት ጀመረች። ልጅቷ ዝም ብላ ስትቀመጥ አታክክም። ስትበላ አታክክም። የምታክከው መልስ ስትሰጥ ነው። መልሱ ኤ ከሆነ ጆሮዋን፣ ቢ ከሆነ አፍንጫዋን። ዓመለወርቅ አምስት ስድስት ጥያቄ ጠየቀቻት፤ አንዴም አልሳተችም።

«ሩታ፣ እጅሽ ምን እያደረገ ነው?»

ሩታ እንደመንቃት አለችና ሳቀች። «ለመድኩት እኮ! ጆሮ ኤ ነው፣ አፍንጫ ቢ፣ አገጭ ሲ፣ ማጅራት ዲ። ቲቸር ፀጋአብ ናቸው ያስተማሩን። እኔ የአንድ ለአምስት መሪ አይደለሁ? አምስቱ ከኋላና ከጎን ይቀመጣሉ፤ እኔ ስሠራ እያዩ ይጽፋሉ። ዓርብ ዓርብ እንለማመዳለን። ከሁሉም ክፍል የእኛ ቡድን ነው ፈጣኑ።»

ይህን ስትናገር ፊቷ በኩራት ያበራ ነበር። አንድ ለአምስት የሚባለው አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ደካሞችን ይዞ እንዲያስጠና የተደራጀ ቡድን መሆኑን ዓመለወርቅ ታውቃለች። ይህን ግን አታውቅም ነበር። ልጅቷን አየቻት፤ ጎበዝ ልጇን ወስደው የትራፊክ መብራት አድርገዋታል።

«እናቶቻቸውስ ያውቃሉ?»

«አዎ! የናዲያ እናት፣ እትዬ ማኅሌት፣ 'በርቺ' ብለው አይደል ያን ሙዝ የላኩልን?»

ያን ሙዝ ዓመለወርቅ በልታዋለች። አንድ ሁለት አይደለም፤ ግማሹን እጅ። እንዲያውም ማኅሌትን መንገድ ላይ አግኝታ «እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት ነው!» ብላ ጉንጯን ስማታለች። አሁን ወጥታ አፏን ተጉመጠመጠች፤ ደጋግማ ተጉመጠመጠች። የበላችው ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ እሷ ግን አሁን የዋጠችው መሰላት።

በበነጋታው መስኮቷን ለባልደረባዋ ሰጥታ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህር ፀጋአብ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ በረንዳው ላይ አገኘችው። ወጣት ነው፤ ትሁት ነው፤ ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ይህ ጎንበስ ማለቱ ራሱ አናደዳት።

«መምህር፣ ይህን ነገር ያውቁታል?» አለችና ጆሮዋን ነካች፣ አፍንጫዋን ነካች።

መምህሩ ግራ ቀኙን አየ። «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ባለፈው ዓመት ብዙ ልጅ ስለወደቀብን ግምገማ ላይ የወረደብንን እኛ ነን የምናውቀው። ደግሞ የተደበቀ ነገር የለም። 'ጎበዞቹ ደካሞቹን ይርዱ' ብለን ለወላጆች ስብሰባ አቅርበን በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው። እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።»

እውነቱን ነው። ዓመለወርቅ ስብሰባውን አስታወሰች። በሁለት አውቶብስ መሀል ሮጣ ነበር የመጣችው፤ ንግግሩ አላልቅ ብሎ፣ ፀሐዩ አናቷን በስቶ፣ «የምትደግፉ» ሲባል ቶሎ እንዲያልቅ ብላ ከሁሉም በፊት እጇን የሰቀለች እሷ ነበረች።

«ይርዱ አላችሁ እንጂ ይስረቁ አላችሁ?»

«እንዴት ስርቆት ይሆናል? እኛ ወላይታዎች ገጠር ዳጉዋ እንወጣ የለም እንዴ? የአንዱን ማሳ ሁላችን ተሰብስበን እንቆፍር የለም? ይህም ያው ነው። መረዳዳት ባህላችን ነው።»

ዓመለወርቅ እዚህ ላይ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረደች። «ስማ አንተ ልጅ! ዳጉዋ የሚወጣ ሰው ዶማውን ይዞ ነው የሚመጣው። አባቴ ዶማ ሳይዝ የመጣ ሰው አይቶ አያውቅም። እናንተ አንዲት ልጅ ማሳ ላይ አቁማችሁ አምስቱን ጥላ ሥር አስቀምጣችሁ፣ ይህን ዳጉዋ ትላላችሁ? ብትያዝስ? ወረቀቷ ሲሰረዝ ዓመቱን አብረሃት ትደግምላታለህ?»

«እስካሁን የተያዘ የለም» አለ መምህሩ። ድምፁ ቀነሰ። «እትዬ፣ እኔ አስተምሬያቸዋለሁ። ሰባ ስምንት ልጅ ነው በአንድ ክፍል ያለኝ። ያልገባቸውን ምን ላድርጋቸው? ሩታ እምቢ ካለች ደግሞ ልጆቹ ያኮርፏታል፤ ያን እኔ ማዳን አልችልም።»

ለምትሰድበው ሰው ማዘን ዓመለወርቅን የባሰ ያቅለሸልሻታል። ሳትሰናበተው ወጣች።

ያን ማታ ዓመለወርቅ እጅ ማስጣል ጀመረች። ሩታን ሁለት እጇን ጭኗ ሥር እንድታደርግ አዘዘቻትና ጠየቀች። ልጅቷ ዝም አለች። የምታውቀውን፣ ባለፈው ሳምንት እንደ ውሃ የጠጣችውን ጥያቄ ስትጠየቅ ዝም አለች። ትከሻዋ ይነቃነቃል፤ ክንዷ ከጭኗ ሥር ለመውጣት ይታገላል፤ ከአፏ ግን የሚወጣ የለም።

«አዬ፣ ጠፋብኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ዓመለወርቅን ያን ቀን የያዛት ነገር ንዴት ብቻ አልነበረም። ልጅቷ ያወቀችውን ሁሉ ወስደው እጇ ላይ አስቀምጠውባታል። እጇ ሲያዝ ጭንቅላቷም ተያዘ። ጎበዝ ልጅ እንዲህ ተደርጋ ስትበላሽ ማየት፣ ንጹሕ ወጥ ውስጥ የሰው ምራቅ እንደማየት ሆነባት።

መላው የመጣው ከቦሎቄ ነው። ዓመለወርቅ ያልተፈለፈለ ቦሎቄ በሰፌድ አምጥታ መሀላቸው አስቀመጠች፤ ሁለቱም እየፈለፈሉ ትጠይቃት ጀመር። እጅ ሥራ ሲይዝ ጆሮና አፍንጫን ረሳ። መጀመሪያ በየመልሱ ፍልፈላው ይቆማል፤ ኋላ ቀስ በቀስ ሳይቆም መመለስ መጣ። ቦሎቄው ሲያልቅ በቆሎ ተተካ። በሰኔ መግቢያ ላይ ሩታ እጇን ሳታነሳ አንድ ሙሉ የሒሳብ ወረቀት ጨረሰች፤ ዓመለወርቅም እልል ልትል ትንሽ ቀራት።

አምስቱ ልጆች ግን እንደተባለው አኮረፉ። ዓመለወርቅ «ይምጡና እዚሁ አብረን እየፈለፈልን እንጥና» ብላ ላከችባቸው። ናዲያ ብቻ መጣች፤ እሷም አንድ ቀን። ጎበዝ ልትሆን ትችል ነበር፤ ክፍልፋዩ ሲገባት ፊቷ ፈክቶ ነበር። በማግስቱ እናቷ ማኅሌት አጥር ላይ ቆማ «ልጄን ሠራተኛ አደረግሻት እንዴ? ነገሩ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ የሚያልቅ አይደለም?» አለቻት። ዓመለወርቅ መልስ አላጣችም፤ የመለሰችላትን እዚህ መጻፍ ግን ነውር ነው።

ፈተናው ደረሰ። ፈታኞቹ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው ተባለ፤ ዓመለወርቅም ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሩታን በር ላይ አስቁማ «ቀኝ እጅሽ ወረቀቱ ላይ፣ ግራው ጭንሽ ሥር» አለቻት። ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች።

በመጨረሻው ቀን፣ የሒሳቡ ፈተና ሲያልቅ፣ ካፊያ እየጣለ ወላጁ ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ነበር። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። የሚያለቅስ ልጅ አለመኖሩን ዓመለወርቅ ልብ አለች። ዘበኛው ጦና ከበሩ ሆኖ ከሩቅ ሲያያት በወላይትኛ ዜማው «ዓመለወርቅ! ልጅሽ ጀግና ነው! ክፍሉን ሁሉ አዳነ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ናዲያ ወጣች፤ ሩታን አቅፋለች። ማኅሌት ሮጣ ሁለቱንም ጨምድዳ ሳመቻቸው።

ዓመለወርቅ ሩታን በክንዷ ይዛ ከሰዉ አወጣቻት። «እጅሽን አነሳሽ?»

«አላነሳሁም! ግራ እጄ እስኪደነዝዝ ጭኔ ሥር ነበር። ሁሉንም ራሴ ሠራሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሉት?»

«ሊያልቅ ሲል ፈታኙ በሩን ዘጋ። 'ቶሎ በሉ' አለና መልሱን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።» ሩታ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ጨርሼ ነበር አዬ፣ አልገለበጥኩም። ግን ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ነው። የክፍልፋዩን ጥያቄ ሲ ብሎ ጻፈው። ዲ ነው እኮ! ያን ቀን ቦሎቄ ስንፈለፍል የሠራነው ነው። ተነስቼ ነገርኩት።»

«ማንን?»

«ፈታኙን። 'ቲቸር፣ ይሄ ተሳስቷል' አልኩት። አየውና 'ጎበዝ' አለኝ። አጥፍቶ ዲ አደረገው። ከዚያ 'ሌላም የተሳሳተ ካለ ንገሪኝ' አለኝ፤ ሁለት ነገርኩት። ሁሉም አስተካከሉ። ናዲያም ታረቀችኝ።»

የዓመለወርቅ አፍ በመራራ ውሃ ተሞላ። ዞር ብላ አጥሩ ሥር ተፋች፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው የምትጠየፈውን አደረገች። ፈታኙን ልትሰድብ ፈለገች፤ ስሙን አታውቅም። ማኅሌትን አየች፤ ማኅሌት ከሩቅ በሁለት እጇ ትመርቃታለች።

ሩታ የአክስቷን ፊት አይታ ደስታዋ ከፊቷ ጠፋ። የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«አዬ፣ ምን አጠፋሁ? አንቺ የተሳሳተ ነገር አይተሽ ዝም ትያለሽ?»

ስንቱን ሰልፍ ሰባሪ በአንድ ቃል ወደ ጅራቱ የመለሰችው ሴት የሩታን የደነዘዘ ግራ እጅ ይዛ ታሸው ጀመር። ልጅቷ ቀና ብላ እያየች ጠበቀች።