ወደብ ላይ ያልተረጎምኩላት ጥያቄ

ይህን ለማኅበራችን እህቶች ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ሁሉ ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ። ዘነበች ከመርከቡ የቀረችው በራሷ ጥፋት ይመስላችኋል። አይደለም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ማኅበራችን በክሩዝ፣ በመዝናኛ መርከብ፣ ለመሄድ ተስማማ። መርከቡ ከባልቲሞር የሚነሣ ስለነበር ለሜሪላንድ ነዋሪዎች ቅናሽ ነበረው። እኔ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምኖር ቅናሹ ይደርሰኛል። የዘነበች ቤት ግን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትኬት የምትሸጠውን ሴት በስልክ የጠየቅኋት እኔ ነበርኩ። በደንብ አስረዳችኝ። በአንድ ክፍል ከሚያድሩት ሁለት ሰዎች አንዷ የሜሪላንድ ነዋሪ ከሆነች ለሁለቱም በቅናሹ ይታሰባል። ነገር ግን ወደብ ላይ አድራሻው ያለበት መታወቂያ ይታያል፤ እሱን ያላሳየ አይሳፈርም። ዘነበች ከእኔ ጋር ብታድር ሁሉም ነገር በደንቡ ይሆን ነበር። እሷም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር።

እኔ ግን ከዘነበች ጋር ማደር አልፈለግሁም። ዘነበች ጨዋታ ትወዳለች፤ መብራት ከጠፋም በኋላ ታወራለች፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ዳዊቷን ጮክ ብላ ትደግማለች። እኔ ደግሞ ዝምታ እወዳለሁ። ይህን እንዳልነግራት ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ልበለው? ፈሪነት ነው። ጌይተርስበርግ ከምትኖረው ከአክስቴ ልጅ ከሙሉ ጋር ክፍል ያዝኩና ለዘነበች፣ «አንቺ ብቻሽን ብትይዢ ይመችሻል፤ የእኔን አድራሻ ስጫቸው» አልኳት።

እኛ ዘንድ አድራሻ ይዋሳል። በዲቪ የሚመጣ ዘመድ ግሪን ካርዱ የሚላክበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቤት እስኪያገኝም ደብዳቤው በእኛ በኩል ይመጣል። የእኔ የፖስታ ሣጥን የስንቱን ሰው ስም ሲቀበል ኖሯል። ስለዚህ ዘነበች ምንም አልጠረጠረችም። «ይኸው የሜሪላንድ ሰው ሆንኩ! ቨርጂኒያ ትቅርብኝ!» ብላ ሳቀች። መታወቂያ እንደሚታይ አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ምናልባት አያዩም ብዬ ነው። በምናልባት ሰው ሻንጣውን አስይዘው ወደብ ድረስ ይወስዳሉ?

ዘነበች አሜሪካ ከመጣች ጀምሮ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ ኖራ፣ አንድ ቀን ለዕረፍት ወጥታ አታውቅም። በምንሳፈርበት ቀን አዲስ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ ወደብ መጣች።

እናንተ ከሙሉ ጋር ቀድማችሁን ገብታችሁ ነበር። ሠራተኛዋ፣ ገና ወጣት ልጅ፣ የዘነበችን ላይሰንስ፣ መንጃ ፈቃዷን፣ አገላብጣ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ዘነበች እንግሊዝኛው ስለማይሆንላት ወደ እኔ ዞረች።

«ወይንሸት፣ ምን እያለች ነው?»

ልጅቱ ክፉ አልነበረችም። ያለችው፣ «ከእሷ ጋር ክፍል የምትጋራ የሜሪላንድ ነዋሪ አለች? ካለች አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ነበር። የእኔ ላይሰንስ በእጄ ነበር። ሙሉም የሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆነች፣ እኔ ወደ ዘነበች ክፍል ብዛወር ማንም የሚጎዳ አልነበረም። «እኔ አለሁ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

ለልጅቱ «የለም» አልኳት። ለዘነበች «አይቻልም ትላለች» አልኳት።

ለምን? ዝምታዬን ላለማጣት ነው? ወይስ አድራሻውን ማን ሰጣት ተብሎ እኔም እንዳልመለስ ፈርቼ? ሁለቱም ነበሩ። ሁለቱም ተደምረው ግን አንዲት ጓደኛ አያህሉም።

ዘነበች «በይ አንቺ ግቢ፣ በእኔ ምክንያት እንዳትቀሪ» አለችኝ። ልጇ መጥቶ እስኪወስዳት ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ ገባሁ። እራት ላይ «ዘነበች ምን ሆነች?» ስትሉኝ፣ «የራሷ ያልሆነ አድራሻ ሰጥታ ተይዛ» አልኳችሁ። የማን አድራሻ እንደሆነ አልነገርኳችሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ማኅበር በመጣች ቁጥር፣ «ዘኑ፣ ዛሬ ደግሞ የየት አገር ነዋሪ ነሽ?» ትሏት ነበር። መጀመሪያ አብራችሁ ሳቀች። የማን አድራሻ እንደነበር ግን ትንፍሽ አላለችም፤ እኔን ላለማሳጣት ነበር። ኋላ መምጣቱን ተወችው። እኔስ? እኔም አብሬያችሁ ሳቅሁ።

ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ያጠበችውን ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«ልጅቱ እንደዚያ አለች?»

«አዎ።»

«አንቺም ገብቶሽ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ማጠፏን አቆመች። ከዚያ፣ «እኔኮ ስንት ዓመት ራሴን ስሰድብ የኖርኩት! አንቺ ደንቆሮ፣ ቋንቋ ብታውቂ ኖሮ ተከራክረሽ ትገቢ ነበር እያልኩ» አለችኝ። ይቅር በይኝ ብቻ አልኳት።

«ለእኔ ብቻ ነግረሽኝማ አትገላገይም» አለች። «ለሳቁብኝም ንገሪያቸው። እነሱ ከሰሙ በኋላ እመጣለሁ።»

እመጣለሁ አለች! ይህን ቃል ይዤ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት፤ ይህን የጻፍኩትም ስለዚሁ ነው።

የዚህ ወር ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። ለእኔ ይቅርታ ለማድረግ አትቸኩሉ፤ ይሉኝታ ነው፣ ፍርሃት ነው ብላችሁም አታቅሉልኝ። አውቄ ያደረግሁት ነው። ዘነበች ስትገባ ግን ሁላችሁም ተነሡላት። ይቅርታ ከእኔም ከእናንተም ይገባታል። እኔ ጀምሬአለሁ።