እንግዳው በእጁ ያስጀመረው ማሽን

ማሽኑ ቢበላሽ ይሻለኝ ነበር። ይህን የምለው ዛሬ ላይ ሆኜ ብቻ አይደለም፤ ያን ዕለትም ወንዝ ዳር ባለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ ፊቴ ላይ ፈገግታ ለጥፌ፣ መብራት እንዲጠፋ በልቤ እለምን ነበር። ጁባ ውስጥ መብራት እንዲጠፋ የለመነ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ለወትሮው ሳይለምኑት የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ብልጭ እንኳ አላለም።

ሥራችንን ልንገራችሁ። ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጅምላ ሱቆቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ አራት ሴቶች ሆነን ቺፕ ላይ ፕሮግራም እንጭን ነበር። ቺፕ ከፋብሪካ ስትወጣ ባዶ ናት፤ ምንም አታውቅም። ደንበኛችን ደግሞ ካርድ ሲነካ የሚከፈት የውኃ ቦኖ በየሰፈሩ የሚተክል ድርጅት ነው። ቦኖው ለማን እንደሚከፈት፣ ምን ያህል ቀድቶ እንደሚዘጋ የሚያውቀው በውስጡ ባለችው ቺፕ ነው። ያንን ለቺፗ የምንነግራት እኛ ነበርን። ቺፗ የምትገባበትን ሶኬት ክዳን መክፈት፣ ቺፗን በወረንጦ አንስቶ ማስገባት፣ መዝጋት፣ ኮምፒውተሩን ማዘዝ፣ አረንጓዴው እስኪበራ መጠበቅ፣ አውጥቶ በጥፍር ቀለም ነጥብ ማድረግ። ከዚያ ሌላዋን። ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ወገብን ግን እንዴት አድርጎ እንደሚጨርስ የተቀመጠበት ያውቃል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ እዚሁ ደቡብ ሱዳን ተወልዳ፣ በጦርነቱ ምክንያት ጋምቤላና አዲስ አበባ ያደገች ናት። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አያንስም፤ ሲመቻት የጁባ ዓረብኛ ጣል ታደርግበታለች። በየማለዳው ከወንዙ ማዶ ካለው ሸሪካት ሰፈር ድልድዩን በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ማለት ነው፣ ተሻግራ ትመጣለች። እናቷና ሁለት ልጆቿ የሚያድሩት እሷ ይዛ በምትገባው ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ እኔን ማሳቅ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ደግሞ በቀላሉ የምስቅ ሰው አይደለሁም።

ያለን ደንበኛ ያ ቦኖ የሚተክለው ድርጅት ብቻ ነበር። የውኃው ድርጅት ሥራ ካቆመብን ክፍሏ እንደምትዘጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም ግን በአፋችን አናነሳውም።

አለቃችን ጁባ ውስጥ ጸጉራቸውን ያሸበቱ፣ ሁለት ጊዜ ተዘርፈው ሁለት ጊዜ እንደገና የጀመሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ተስፋ መቁረጥ አያውቁም፤ ይህ ጠባያቸው አንዳንዴ ያናድደኛል። የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ሲባል አንድ የውጭ አቅራቢ ለምነው ያንን ማሽን ለማሳያ አስመጡ። ቺፕ በራሱ አንስቶ፣ በራሱ ጭኖ፣ በራሱ የሚደረድር ማሽን ነው። «ደንበኛችን ይህንን ሲያይ ሊጀምረው ያሰበውን የመብራት ቆጣሪ ሥራም ይሰጠናል» አሉን። «ያኔ ማሽኑን እንገዛዋለን፤ እናንተ ደግሞ እሱን ታሠሩታላችሁ። አንዳችሁም አትቀነሱም።» አመንኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ መመሪያውን ሳነብ፣ ማሽኑን ሳስነሳና ሳጠፋ ከረምኩ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት በቀኛችን የሶላር ፍሪጅ የሚሸጥ፣ በግራችን የጥበቃ ካሜራ የሚሸጥ ሰው አለ። እኛ መሃል ነን፤ ሰው ሁሉ እኛ ጋ ይቆማል። ጠረጴዛ የሚያህል የመስታወት ሳጥን ነው፤ በውስጡ አንድ ክንድ ይመላለሳል። ክንዱ ጫፉ ላይ ባለች ቀጭን ቱቦ ቺፗን በአየር ስቦ ያነሳታል፤ ከሥር ያለው ካሜራ ተቃንታ መያዟን ያያል፤ ሶኬት ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ሲያልቅላት አውጥቶ ምልክት ያደርግባትና ከጓደኞቿ ጎን ይደረድራታል። የማያልቅላት ካለች ለብቻዋ ይጥላታል። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ቀርጾ ሲጨርስም «የተቆለፈ ስልክ ይከፍታል?» ብሎ ይጠይቃል። ጓደኛዬ ሰለቻት። «ስልክ ቀርቶ የቲማቲም ጣሳም አይከፍትም» ትላቸዋለች በዓረብኛ፤ ለእኔ ትተረጉምልኛለች።

የውኃው ድርጅት ኢንጂነር ከሰዓት በኋላ መጣ። የምንጠብቀው እሱን ነበር፤ ሥራውን የሚሰጠንም የሚነሳንም እሱ ነው። ረጅም፣ ትሑት፣ ለሁሉም እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ዛሬ እሱን ረግሜ ይወጣልኝ ነበር።

እኔ ያሰብኩት ሁሉንም ራሴ ልሠራው ነበር። ቺፗን ከኤሌክትሪክ የሚጠብቀውን የእጅ ማሰሪያ አጥልቄ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ላሳየው። ሥራ ሲያዩት ከበድ ማለት አለበት፤ ጸጉር አስተካካይ እንኳ ይህን ያውቃል። አለቃችን ግን የእኛን አገር ወግ አመጡ። እኛ ዘንድ የከበረ እንግዳ ቆሞ አያይም፤ ዳቦ ከሆነ በእጁ ይቆርሳል፣ ሪባን ከሆነ በእጁ ይቆርጣል። «ዌልከም፣ ባሽሙሀንዲስ» አሉት፤ እዚህ ኢንጂነር የሚከበረው በዚህ መጠሪያ ነው። «እርስዎ በእጅዎ ያስጀምሩልን።» ወደ እኔም ዞረው በአማርኛ «ልቀቂለት» አሉኝ።

ለቀቅኩለት። ኢንጂነሩ እየሳቀ እጅጌውን ሰብስቦ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ። ክንዱ ተነሳ። አንዷንም ሳይጥል፣ አንዷንም ሳያበላሽ ትሪው ላይ ያሉትን ቺፖች በሙሉ ጨረሰ፤ ኢንጂነሩ የያዘው ሶዳ ገና አላለቀም ነበር። እኛ አራታችን ቀኑን ሙሉ የምንጎብጥበት ሥራ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ጓደኛዬ ነበረች።

«ፕሮግራሙን መቀየር ብፈልግስ?» አለኝ ኢንጂነሩ በእንግሊዝኛ። አሳየሁት። «ትሪው ባዶ ሲሆንስ?» አሳየሁት። ለተጠየቅኩት መልስ ይዤ መቅረት አላውቅበትም፤ ደግሞስ እንዴት ብዬ እደብቃለሁ፣ ሁሉም ነገር ስክሪኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከዚያ በትሕትና «እስኪ አንዴ ገለል በይልኝ» አለና አዲስ ትሪ በራሱ አስገብቶ፣ ፕሮግራሙን በራሱ መርጦ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ሠራው። ቀና ብሎ «ሳሂል» አለ። ቀላል ነው ማለቱ ነው። መብራቱ እንዲጠፋ የለመንኩት ያኔ ነው።

ወዲያው ወደ አለቃችን ዞሮ «ይህንን ለግቢያችን ብፈልግ ከማን ነው የምገዛው?» አላቸው።

የአለቃችንን መልስ ከመስማቴ በፊት አወቅኩት፤ ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ሐሳብ፣ ቀጥሎ ያ የማይሞት ተስፋቸው ሲመጣ አየሁ። «ከእኛ ነዋ» አሉት። «ወኪሉ እኛ ነን።» ተያይዘው ከኋላ ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። አልፈርድባቸውም። ሌላ ምን ይበሉ? አይሸጥም ቢሉት ናይሮቢ ደውሎ ያስመጣዋል።

ጓደኛዬ ተጠግታኝ «ለራሱ ሊገዛው ነው እንዴ?» አለችኝ። እንግሊዝኛ ከእኔ በላይ ትሰማለች፤ የጠየቀችኝ እንድክድላት ነው።

«ይመስለኛል» አልኳት።

«እኛስ?»

አንድ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ ማሽኑ ስልክ ይከፍት እንደሆነ ጠየቀን። ጓደኛዬ አልቀለደችበትም፤ «መፊ» ብላው ፊቷን አዞረች። የለም ማለት ነው። እኔ ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም። ብልሽት ቢሆን ይጠገናል፤ ጠላት ቢሆን ይሰደባል። ሁሉም ነገር በትክክል ሠርቶ፣ ሁሉም ሰው ደግ ሆኖ አንተ የማትፈለግ ስትሆን ምን ይባላል? እስከ ዛሬ ምን እንደሚባል አላገኘሁም።

ማሽኑ ተሽጦ ከኤግዚቢሽኑ በቀጥታ ጀበል ሰፈር ወዳለው የድርጅቱ ግቢ ተጫነ። በሳምንቱ የድርጅቱ ሾፌር ክፍላችን መጣ። ሌላ ጊዜ ባዶ ቺፕ አምጥቶልን ነበር የሚሄደው፤ ያን ቀን የመጣው ጠረጴዛችን ላይ የተረፉትን ሊሰበስብ ነው። ከየፊታችን እያነሳ ካርቶን ውስጥ ጨመራቸው። ጓደኛዬ አንዷን ሶኬት ውስጥ አስገብታ ነበር። «ይቺ አላለቀችም» አለችው። እሱም ቆሞ ጠበቃት። አረንጓዴው ሲበራ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፤ «ማሌሽ» አላት፣ አይዞሽ እንደማለት፣ እና ወጣ።

አለቃችን በር ላይ ቆመው ነበር። ኢንጂነሩ እኔን እንደሚፈልገኝ የነገሩኝ ያኔ ነው፤ ማሽኑን ለሠራተኛው እንዳስተምርለት፣ ምናልባትም አንድ ወር። ሦስቱን ሴቶች ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የተናገረችው ጓደኛዬ ናት። «ሂጂ እንጂ» አለችኝ። «አንቺ እንኳ ብዪ። ለእኔም ቦታ ካለ ትጠይቂልኛለሽ።»

ሄድኩ። ጀበል ግቢ የሰጡኝ ሠራተኛ ቧንቧ ሲገጥም የኖረ ጎልማሳ ነው፤ ኮምፒውተር እምብዛም አይወድም። ቁልፉን አሳየሁት፣ ትሪውን አሳየሁት፣ ፕሮግራም መምረጥ አሳየሁት። ለአንድ ወር የታሰበው ትምህርት ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ። ኢንጂነሩ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ፤ ነገ መምጣት እንደማያስፈልገኝም ነገረኝ።

ቦርሳዬን ይዤ በሩ ላይ ቦዳ ስጠብቅ ጓደኛዬ ደወለች። ከኋላዋ የልጆቿ ድምፅ ይሰማል።

«ጠየቅሽልኝ?»

«ነገ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት።