ክቧን ቁልፍ ያስጠፋሁ ቀን

ቀናተኛ ነኝ። ደብቄው ብጽፍ የሚያውቁኝ ይስቁብኛል።

የቀናሁት በሞባይል ነው። ሸረፊያ በሚባለው የጅዳ ሰፈር በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖር የአገሬ ሰው አለ። ጅዳ ሲመጣ አረብኛውን ያስለመድኩት፣ ወደብ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ ጥርሱ እንዲያውም ከኔ ይልቅ ረግፏል። ጣቱ ግን መስታወቱ ላይ ስትሄድ ማየት ነው! ወደ ላይ ሸርተት፣ ወደ ጎን ሸርተት፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።

የኔ አውራ ጣት ወደብ ላይ ጆንያ ወድቆበት ተሰብሮ ነበር፤ ጠሞ ስለዳነ አይታጠፍም። መስታወቱን ልንካ ስል ይጎተትብኛል። ስልኩን የሸጠልኝ የመናዊ ይህን አየና መሸርተቱን ዘግቶ መስታወቱ ላይ አንዲት ክብ ቁልፍ አወጣልኝ። እሷን ነካ ሳደርግ መመለሻውም መውጫውም ይዘረገፋል። ተመችቶኝ ነበር። ጓደኛዬ ግን፣ "ይቺ እኮ የአካል ጉዳተኛ ቁልፍ ናት፤ ምርኩዝ ያዝክ በለኛ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እሱንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የባለቤቴን ነው። እሷ ያለችው ወሎ ነው። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ብርሃኗ በየወሩ ይቀንሳል። "ጭራሽ ሳይጨልምብኝ ካዕባን በስልክ አሳየኝ" አለችኝ። ደግ። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ካልሆነልህ ለጓደኛህ ስጠው፤ የሱ እጅ ቀልጣፋ ነው።"

የሱ እጅ! ሠላሳ ዓመት ጆንያ የተሸከመላት የማን እጅ ነው?

ለዑምራ ወደ መካ ልንነሳ ስንል ስልኬን ለጓደኛዬ ሰጠሁት።

"ክቧን አጥፋልኝ። ልክ እንዳንተ አርገው።"

"ወላሂ ትቸገራለህ።"

"አጥፋ አልኩህ!"

አጠፋት።

ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ገብተን፣ ካዕባን ሰባት ጊዜ ዞረን ጠዋፉን ጨረስን፣ ሁለት ረከዓ ሰገድን። ከነጩ የኢሕራም ልብሴ መቀነት ስልኬን አውጥቼ በቪዲዮ ደወልኩ። ባለቤቴ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ስትጠብቅ ኖሯል።

"የታለ?" አለች።

"ይኸው!"

"እኔ የማየው ያንተን አፍንጫ ነው። እሱንማ ድሮም አውቀዋለሁ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ካሜራውን የምታዞረው ምልክት ከታች ዳር ላይ ናት። ልነካት ስል ጣቴ ወደ ላይ ተጎተተ፤ ስልኩም ልውጣ ያልኩ መስሎት ገጹ ብን ብሎ ጠፋ። ድምጿ ብቻ ይመጣል፤ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ዘግቼ ደግሜ ደወልኩ። ደግሞም ጠፋ። ጠባቂው፣ "ያላ፣ ያ ሐጅ፣ ያላ!" እያለ በእጁ ይገፋናል።

ጓደኛዬ እጁን ዘረጋ። "አምጣው።"

"ተወኝ።"

"አምጣው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!"

ኢሕራም ላይ ሆኖ መጣላት ስለማይገባ ሁለታችንም ጥርሳችንን ነክሰን በሹክሹክታ ነው የምንጨቃጨቀው። ሦስተኛ ደወልኩ። ሦስተኛም ተጎተተብኝ።

"ጨለመብኝ" አለች ባለቤቴ። ድምጿ ተለውጧል። "ዓይኔ ነው ወይስ ስልኩ ነው?"

ስልኩን ሰጠሁት።

አንድ ጊዜ ነካ አደረገ፣ በቃ። ከሰው ራስ በላይ አንስቶ፣ "ይኸውልሽ እቴ፣ ጥቁሩ ልብሱ ታየሽ? የወርቁስ ጽሕፈት?" ይላታል።

"አየሁት! አልሐምዱሊላህ፣ አየሁት!" አለቀሰች። "ወንድምዬ፣ አላህ እጅህን ይባርከው!"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከአላህ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ የማየው የሱን ማጅራት ነበር። አስተግፊሩላህ።

ዑምራውን ፈጽመን፣ ፀጉራችንን ተላጭተን፣ ወደ ጅዳ በሚመለሰው አውቶቡስ ተሳፈርን። "ክቧን መልሳት" አልኩት። ሳይስቅብኝ መለሳት። ወዲያው በገዛ ጣቴ ደወልኩ፣ ካሜራውንም በገዛ ጣቴ አዙሬ መንገዱንና ተራራውን አሳየኋት። ምንም አልጠፋብኝም።

ባለቤቴ ጥቂት አየችና፣ "እሱ አጠገብህ ነው?" አለች። "እስኪ ስጠኝ፣ ደግሜ ላመስግነው።"

"ተኝቷል" አልኳት።

ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ቀና ብሎ አየኝ።